ኩራት ብዬ የተረጎምኩት ቃል

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ይህን የምናገረው ልኮራባችሁ አይደለም፤ ልኩራ ብልም ከዚህ በታች ያለው ታሪክ አያስኮራም። የማያውቁት ሰው ጉድ ስለማይጥም፣ ጉዱ የማን እንደሆነ ከወዲሁ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ከሃያ ስድስቱ ዓመት የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያስተማርኩት ሳላይ ነው። ጭራሹን ታውሬ ነበር ማለቴ አይደለም። ሰውን ከዛፍ፣ መኪናን ከግድግዳ እለያለሁ፤ በተለይ መኪናው ጥሩምባ ከነፋ። ከዚያ የረቀቀው ነገር ግን የሚሠራው በግምት ነበር። ደሴ ደግሞ እንደኔ ላለ ሰው የተመቸች ከተማ ናት፤ ጉም አላት። ጠዋት ወጥቼ ፊት ለፊቴ ያለው ሁሉ ነጭ ሲሆንብኝ «ዛሬስ ጉሙ በርትቷል» እላለሁ። ባለቤቴ ዘምዘም ሰማዩን ቀና ብላ ታይና ፀሐይ መውጣቷን ትነግረኛለች። «ከላይ ወጥታ ይሆናል፣ እታች ግን ጉም ነው» ብያት እሄዳለሁ።

ክፍል ውስጥ ማንም አልነቃብኝም። የመማሪያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ስለማውቀው፣ የሚጠበቅብኝ ገልጬ ፊቴ ላይ መያዝ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የያዝኩት የባዮሎጂ መጽሐፍ መሆኑን በትሕትና ጠቆመችኝ፤ እኔም ንቁ መሆናችሁን ልፈትን ብዬ ነው አልኳት። ፈተና ማረም ሲመጣ ወረቀቱን መልሼ ለተማሪዎቹ አከፋፍልና እርስ በርስ አስተራርማቸዋለሁ። ይህ ዘዴዬ ዳይሬክተሩን ማርኮት ኖሮ፣ አዲስ የማስተማር ስልት ነው ብሎ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጭብጨባው ወደተሰማበት አቅጣጫ እጅ ነሳሁ።

ከሁሉ የከፋው ሰላምታ ነበር። ሰኞ ገበያ ውስጥ በአንድ ልብስ ቤት ደጃፍ ሱፍ ለብሶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው አይቼ፣ የቀድሞ ዳይሬክተራችን መሰለኝና ባርኔጣዬን አንስቼ ጤናውን፣ የልጆቹን ጤና፣ የስኳር ሕመሙን ጠየቅኩት። መልስ ሲነፍገኝ ተቀይሞኛል ብዬ ይቅርታም ጠየቅኩ። ባለሱቁ ከውስጥ ወጣና «መምህር፣ እሱ እንኳ አሻንጉሊት ነው፤ ሱፉን ግን ከወደዱት አወርድልዎታለሁ» አለኝ። ላለማፈር ስል ሱፉን ገዛሁት። እጅጌው እስከ ጣቶቼ ጫፍ ይደርሳል፤ አሻንጉሊቱ ረዘም ያለ ነበር።

ዘምዘም ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ ስትነግረኝ ኖራለች። በቁርስ ነግራኛለች፣ በምሳ ነግራኛለች፣ እንግዳ ፊት ነግራኛለች። እኔ ደግሞ የዘንድሮ መጽሐፍ ቀለሙ ስስ ነው፣ የዘንድሮ ጠመኔ አይጽፍም፣ የዘንድሮ አምፖል አያበራም እያልኩ፣ ዕቃውን ሁሉ ስከስ ዓይኔን ነጻ አወጣሁት።

ታዲያ በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ላይ እንድሪስ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ከኮምቦልቻ ደወለልኝ። እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል። ከውጭ አገር የመጣች አንዲት ባለሙያ ለአርባ የቅሬ መሪዎች የሦስት ቀን ሥልጠና ልትሰጥ ነው፤ አስተርጓሚው ታሟል፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው የት ይገኛል አለኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። ሥልጠናውም ሰው የሚጠቅመውን ነገር እያወቀ ነገ ዛሬ ሲል፣ መጸዳጃ ሳይቆፍር፣ ልጁን ሳያስከትብ፣ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ ሲቀር፣ ጎረቤት እንዴት አድርጎ ወደፊት እንደሚያንቀሳቅሰው የሚያስተምር ነበር። ዘምዘም ይህን ስትሰማ፣ ጽሑፉን በምን ልታየው ነው ስትል ጠየቀችኝ፤ መተርጎም የጆሮ ሥራ ነው አልኳትና ያንኑ ሱፍ ለብሼ ሄድኩ።

ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ጉም የለም። ሰበቤን ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ጥዬ ወረድኩ ማለት ነው። አዳራሹ ፀሐይ ሞልቶት ፈረንጇ ለእኔ አንዲት ረዥም ብርሃን ሆና ነበር የምትታየኝ። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ይበራል፤ እኔ ግን መብራቱን እንጂ ጽሑፉን አላየሁም። ከፊት መደዳ ደግሞ አንዲት ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሴትዮ ተቀምጠው ነበር። እማማ መዲና ይባላሉ፤ በደጋን በኩል የሴቶች ቅሬ መሪ ናቸው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

ፈረንጇ ንግግሯን የጀመረችው «ፕራድ» በሚል ቃል ነው። ጎረቤታችሁን ፕራድ አድርጉት፣ የሥልጠናችን ሁሉ መሠረት ፕራድ ነው ትላለች። ጆሮዬ ፕራውድ መሆን አለበት አለኝ፤ አሜሪካኖች ደግሞ ፊደል መዋጥ ልማዳቸው ነው፣ «ው»ን ዋጠቻት ብዬ አሰብኩ። ፕራውድ ማለት ኩሩ ነው። ስለዚህ ድምፄን አስተካክዬ፣ «ጎረቤታችሁን አኩሩት፤ የሥልጠናችን መሠረት ኩራት ነው» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ጥቂት አሰቡበትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመካከላቸው አያ ይመር የሚባሉ ገበሬ ተነሥተው ጠየቁ። «እኔ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ቆፍር ስንለው እምቢ ብሏል። እምቢ ያለውም ስለሚኮራ ነው። አሁን ደግሞ ጨምሬ ካኮራሁት ተየት ላይ ላውርደው ነው?» ጥያቄውን ለፈረንጇ ስተረጉምላት ከትሕትና የተነሣ ቃሉን በራሷ አነጋገር አልኩት፤ ሰውየው ከዚህ በፊት አራት ዓመት ፕራድ ተደርጓል አልኳት። እሷም እንግዲያ ይጨመርለት፣ ነገር ግን በቀስታ ይሁን አለች። እኔም በቀስታ ጨምሩለት ትላለች አልኩ።

ነገሩ ያልገባቸው ስለመሰላት ፈረንጇ ከአያ ይመር ሽመላቸውን ተቀብላ አየሩን በጫፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎሰም ጎሰም አደረገች። አሁን ሳስበው በሬ እየነዳች ነበር። እኔ ግን ዱላ መያዟን ብቻ ስለለየሁ፣ «ዱላም የወንድ ልጅ ኩራት ነው ትላለች» አልኩ። ይህ ለአዳራሹ በጣም ተስማማው። ቀጥላ ወደ እኔ ተጠጋችና በክርኗ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ሱፉ ወፍራም ባይሆን ኖሮ ትርጉሙ ያን ጊዜ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጎን ለጎን ቆማችሁ አብራችሁ ኩሩ ማለቷ ነው አልኩ።

ከዚያ በቡድን ሆነው እንዲያሳዩ አዘዘች። የአያ ይመር ቡድን ወደ መሐል ወጣ። አንዱ እምቢተኛውን ጎረቤት ሆነ። አያ ይመር ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው በፊቱ ሁለት ጊዜ ተመላለሱና የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ ቅድመ አያቱ በረሃብ ጊዜ ስንት ሰው እንዳበሉ ቆጠሩለት። በመጨረሻም የእንዲያ ያለ ሰው ልጅ በጠራራ ፀሐይ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲቀመጥ ቢታይ አገሬው ምን ይላል ብለው ጠየቁት። ጎረቤት የሆነው ሰውዬ የምሩን በለቅሶ ድምፅ ዛሬውኑ እቆፍራለሁ አለ። ሁሉ አጨበጨበ። ፈረንጇም ግራ ገብቷት እያለ አጨበጨበችና ማስታወሻዋ ላይ ብዙ ጻፈች።

ከቀትር በኋላ እንድሪስ መጣ። ግድግዳውን አየ፣ እኔን ሰማ፣ እንደገና ግድግዳውን አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ጽሑፉ «ፕሮድ» እንደሚል በሹክሹክታ ነገረኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ አላመነታሁም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ፕሮድና ፕራውድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው አልኩት። ይህን በዚያች ቅጽበት ነው የፈጠርኩት። እንድሪስ ግን ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አስተማሪውን አይጋፋም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሰው ሲያከብረን ስንት ጊዜ እንደምናሳስተው አላህ ይቁጠረው።

በሻይ ሰዓት እማማ መዲና ራሳቸው አንድ ብርጭቆ ይዘውልኝ መጡ። እጄን ዘርግቼ ያዝኩ፤ የያዝኩት አየር ነበር። ሴትዮዋ ብርጭቆውን ወደ እጄ አምጥተው ጣቶቼን አንድ በአንድ አሲያዙኝና «አብሽር፣ አይዞህ የኔ ልጅ፣ ትኩስ ነው» ብለው ብቻ አለፉ።

ሳይመሽ ደሴ ገባሁና መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያ አወረድኩ። አጉሊ መነጽር አስጠጋሁ፤ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ይተራመሳሉ። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ዘምዘምን ጠራኋት። እንግሊዝኛ ባትናገርም ፊደሎቹን ታውቃለች። እንድሪስ የግድግዳውን ጽሑፍ አንስቶ በስልኬ የላከልኝን ፎቶ አንብቢልኝ አልኳት። ፒ፣ አር፣ ኦ፣ ዲ አለች። መሐሉ ላይ ዩ የለም ወይ አልኩ። የለም አለች። በደንብ እይው አልኳት። እሷ በደንብ እንደምታይ አስታወሰችኝ።

የፕሮድን ትርጉም በቃሌ አውቀዋለሁ። ከብትን በበትር ጫፍ ጎሰም ማድረግ ነው። ሰውን በጣት ወይም በክርን ጎሸም ማድረግ ነው። የዘገየን፣ የፈራን፣ ነገ ዛሬ የሚልን ሰው ወደሚጠቅመው ነገር መገፋፋት፣ መጎትጎት፣ መወትወት ነው። የደከመ ትዝታን መቀስቀስም ነው። ይህን ሁሉ ለዘምዘም ስተረጉምላት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ስሠራው የነበረውኮ ይኼን ነው። በእንግሊዝኛ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር።»

በማግስቱ አርባ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ትናንት በአንድ ቃል ላይ ትንሽ ስሕተት እንደገባች ተናገርኩ። ስሕተቷ ከየት እንደገባች አልተናገርኩም፤ የፈረንጇን አነጋገር ጠቆም አድርጌ አለፍኩ። ቃሉ ኩራት እንዳልሆነ አስረድቼ እናንተ ይህን ነገር ምን ትሉታላችሁ አልኳቸው። አዳራሹ ገበያ ሆነ። አንዱ ጎሰም ነው አለ፤ ሌላው ያ ለበሬ ነው፣ ለሰው ጎትጎት ነው አለ። ጎንተል የሚሉ ነበሩ፤ ጎንተል ጠብ ያመጣል ብለው የከለከሉ ነበሩ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቃል የማስተምር ሰው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎች አንዷን የእንግሊዝኛ ቃል ስምንት ቦታ ከፍለው ለእያንዳንዷ ልክ የሆነ ልብስ ሲሰፉላት አፌን ከፍቼ ሰማሁ።

አያ ይመር ግን ደስ አላላቸውም። ማታ ለዚያ ጎረቤታቸው ደውለው የአያቶቹን ስም ቆጥረውለት፣ ሰውየው ጎህ ሲቀድ ዶማ ይዞ ወጥቷል። «ይኸ ኩራት የምትሉት እየሠራ ነው፤ አትውሰዱብን» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፈረንጇ ምን እንዳሳቃቸው ስትጠይቀኝ ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝና ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት። ስቃ ስቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ማስታወሻዋን አውጥታ፣ ትናንት የጻፈችውን አንድም ሳትሰርዝ፣ ሁለቱንም ይዛ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ይህችን ሴት ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አከበርኳት።

እማማ መዲና እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም ነበር። በመጨረሻ እጃቸውን አወጡ። ቃላቸውን እንዳለ አስታውሰዋለሁ፦

«በሬ በሽመል ይጎሰማል፣ እሳት ይቆሰቆሳል፣ ሰነፍ ይጎተጎታል። ኩሩ ሰው ግን ሲነኩት ባለበት ይቆማል። እሱን ቀድመውት ሄደው እባክህ እርዳኝ ይሉታል።»

ይህን ንግግር አሳምሬ ተረጎምኩት። ፈረንጇ በጣም ተደነቀች። እኔም ተደነቅኩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለማን እንደተባለ ያልገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አስተርጓሚው ነው።

ሥልጠናው ያለቀ ዕለት እማማ መዲና ጠጋ ብለው ዓይናቸውን ለመታየት ሰኞ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንደሚሄዱ ነገሩኝ። መንገዱን አላውቀውም፣ ካርድ የሚያነብልኝ የለም፣ የተማረ ሰው አብሮኝ ቢኖር ጭንቀቴ በቀለለ ነበር አሉ። ደረቴ ነፋ አለ። «አይስጉ እማማ፣ እኔ አለሁልዎት» አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ከደጋን መጡ፤ ደሴ ተገናኘን። በሰኞ ገበያ መሐል ስናልፍ ክንዴን አጥብቀው ያዙና ደግፈኝ ልጄ፣ እንዳልወድቅ አሉኝ። እኔም እየመራኋቸው ነው ብዬ ቀስ እላለሁ። ጋሪ ሲመጣ ክንዴ ወደ ግራ ይሳባል፣ የበርበሬ ጆንያ ሲገጥመን ወደ ቀኝ ይሳባል። አንድ ቦታ ቆም አሉና እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ወደታች ዓይኔን አጥብቤ አዎን አለ፣ ይጠንቀቁ አልኳቸው። እውነትም ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰኞ ገበያን ከማንም ጋር ሳልጋጭ ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ምስጋናውንም ለራሴ ሰጠሁት።

ሚኒባሷ ቦሩ ሜዳ አደረሰችን። ካርድ ክፍሉ ዘንድ ስንቀርብ ነርሷ አንገቷን በመስኮቱ አወጣችና «እማማ መዲና፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አመጡ?» አለች። እኔ በትሕትና አረምኳት፤ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ አልኳት። ነርሷ ሳቋን ለመዋጥ ደጋግማ አሳለች። እማማ መዲና ግን ሳይደናገጡ የእኔን ስም ከነአባቴ ተናገሩ፤ ለካ ከእንድሪስ ጠይቀው ኖሯል። ካርዱ በእኔ ስም ወጣ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ተናድጃለሁ፣ አፍሬያለሁ፤ የቱ እንደሚቀድም አልወሰንኩም። እሳቸው ከሻሻቸው ጠርዝ መርፌና ክር አወጡና የሱፌን ቁልፍ ይሰፉ ጀመር። ለካ በአንድ ክር ተንጠልጥላ ነበር። መርፌው ከደረቴ በአንድ ስንዝር ስለሆነ ብልጭታው ታየኝ። ክሩን በመጀመሪያው ሙከራ ነው ያስገቡት።

«እማማ፣ ክሩን በምን አስገቡት?»

«በዓይኔ ነዋ» አሉኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ሁለቱንም ዓይናቸውን ታክመው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ከደጋን እስከ ኮምቦልቻ ያለውን እምቢተኛ ሁሉ ያመላልሳሉ። ለአንዱ ባለሱቅ ሚዛን የሚፈትሽልኝ ሰው ቸገረኝ ብለውታል፤ አንዲትን ሴት ለልጅ ልጃቸው ሙሽራ ልታይላቸው ይዘዋት መጥተዋል። ለእያንዳንዱ የሚስማማውን አስበው ነው የሚመጡት። ይህን የነገረችኝ ነርሷ ናት፤ እሳቸው የራሳቸውን ሥራ አያወሩም።

ተራዬ ሲደርስ ግን ልነሣ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለማንም ያልነገርኩትን፣ ለዘምዘምም ያልነገርኩትን፣ ለእኒህ ሴትዮ ነገርኳቸው። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ለጁምዓ ሰላት የምወስደው እኔ ነበርኩ፤ የከዘራውን አንድ ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጫፍ እኔ እንይዛለን። ሐኪም ዘንድ እንውሰድህ ስንለው ዓይኔን ብረት ከሚነካው ይለይልኝ ይል ነበር። እኔ እንግዲህ ከአባቴ የወረስኩት ቤትም መሬትም አይደለም፤ ያንን ፍርሃት ነው። የዓይን ሞራውንም እንደወረስኩ ከጠረጠርኩ ቆይቻለሁ። ሐኪም አይቶ አዎን እንዳይለኝ ብዬ ነው ሁለት ዓመት የሸሸሁት።

እማማ መዲና አልመከሩኝም። አላጽናኑኝምም። እሳቸው በታከሙበት ቀን እዚሁ አግዳሚ ላይ ሁለት ጊዜ ተነሥተው እንደሸሹ፣ በሁለተኛው ጊዜ በሩ ላይ ሲደርሱ የሚኒባሱ ረዳት አይቷቸው እንደሳቀ፣ በእሱ ተናደው እንደተመለሱ ብቻ ነገሩኝ። ከዚያ የቁልፌን ክር በጥርሳቸው በጥሰው ጨረሱና ክንዴን ጎሸም አደረጉ። ያኔ ተነሣሁ።

ሐኪሙ ሞራው መብሰሉን ነገረኝ። ብረቱን እንደፈራሁት አላገኘሁትም፤ ከፍርሃቱ ያጠረ ነበር። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳ ነው። ግድግዳ እንዲህ ያማረ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የቀለም ብሩሹ ያለፈበት መስመር ሁሉ ይታያል። ቀጥሎ የራሴን ሱፍ አየሁ፤ ሰማያዊ ነው ብዬ የለበስኩት ሱፍ ሐምራዊ ነበር። ከዚያ ተጠርታ የመጣችውን ዘምዘምን አየኋት። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል፤ ከዓይኗ ዳር ሁለት የማላውቃቸው መስመሮች ገብተዋል። አፍጥጬ ስቀርባት ሻሿን ሳበችና አረጀሁብህ ወይ አለችኝ። አላረጀሽም፣ እኔ ነኝ የዘገየሁት አልኳት። ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን፤ ነርሷ እኔን ብቻ ተቆጣች፣ ገና አይነካም ብላ።

ትምህርት ሲከፈት ክፍሌ ገባሁ። ስልሳ ፊት አለ። ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን የማላውቃቸው ስልሳ ልጆች። መምህር ሆኖ ከተማሪዎቹ ጋር በየካቲት ወር የሚተዋወቅ እኔ ሳልሆን አልቀርም። እያንዳንዳቸውን እያየሁ በመደዳው መሐል ሄድኩ። መጨረሻው ወንበር ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አውጥታለች። ክርኗን በሌላው እጇ ደግፋዋለች፤ ቆይታ ማውጣት የለመደች ሰው አያያዝ ነበር።

«እጅሽን ካወጣሽ ቆየሽ?» አልኳት።

ልጅቷ ሰሚራ ትባላለች። በሁሉም ክፍለ ጊዜ ታወጣ እንደነበር፣ ከመስከረም ጀምሮ መሆኑን፣ በኋላ ክንዷ ሲደክማት መደገፍ እንደጀመረች ያለ ምንም ቅሬታ ነገረችኝ። ጥያቄዋ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሰሌዳው አይታየኝም፣ መምህር» አለችኝ።

ወደ ፊት መደዳ አመጣኋት። ከዚያም ሆና አይታያትም። ደወሉ ሲደወል ለብቻዋ ጠርቼ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላት ፊቷ ተለወጠ፤ አይ መምህር፣ ደህና ነኝ፣ የዘንድሮ ጠመኔ ነው ብላ ሮጠች።

ወዲያው ለእማማ መዲና ደወልኩ። ከጀርባቸው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ መንገድ ላይ ናቸው፣ ማንን ይዘው እንደሚሄዱ አላህ ያውቃል። ሁሉንም ነገርኳቸውና ምን ብዬ ላምጣት፣ ምን ዘዴ ይስጡኝ ስል ለመንኳቸው።

«ልጅቷ የምትፈራው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አልጠየቅኋትም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ምን ቆመሃል?» አሉና ስልኩን ዘጉት።